የአሸተን ኪነት ሊቀ አድማጮች

አንድን ነገር ከሰው ሁሉ ቀድሞ የወደደ ሰው በሽታ አለበት። በሽታው የሚብስበት ደግሞ ሰው ሲጠላበት ሳይሆን ሰው ሲወድለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። የጠጅ ቤቱን ጠጅ ገና ስሙ ሳይወጣ ጠጥቶታል፣ ዛሬ ሊቅ የሚባሉትን መሪጌታ ፊደል ሲቆጥሩ ያውቃቸዋል፣ ምን ቢቀርብለት "ያኔ ነበር እንጂ" ይላል። ደግነቱ አንድ ከተማ ከአንድ በላይ አይችልም። ለላሊበላ የደረሳት ልብስ ሰፊው ሀብተ ሥላሴ ነበር፤ ሸክሙን ግን ከተማው ለሚስቱ ለይማርሽ ትቶላት ነበር።

ሀብተ ሥላሴ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የወደደው የአሸተንን ኪነት ነው። ቡድኑን ያቋቋመው ፈንታው ይባላል፤ ወታደር ቤት ትራምፔት ሲነፋ ኖሮ በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። ሻሸመኔ ሳለ እዚያ ከሰፈሩት ጃማይካዎች ስካ የሚሉትን ሙዚቃ ለምዶ መጣ። ስካ ማለት፣ ሀብተ ሥላሴ ማንም ሳይጠይቀው እንደሚያስረዳው፣ ከበሮው ሰው እግሩን በሚያሳርፍበት ላይ ሲመታ ጊታሩ እግሩን በሚያነሣበት ላይ የሚመታበት ነው። ጊታሩን የያዘው ሸዕባን ነበር፤ በሥራ ቀን የጨርቅ ነጋዴ፣ በትርኢት ቀን የጊታር ሰው። ሀብተ ሥላሴ ይህን ምት አንድ ቀን ሰማና በቃ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያው ትርኢት ኩልመስክ ገበያ ላይ፣ በዚያው በስልሳ ስምንት ነሐሴ፣ በዝናብ ነበር። ይማርሽ ታሪኩን መጀመሪያ ስትሰማ ተመልካቹ ሃያ ሰው ነበር። በማግስቱ ዓመት አሥራ ሁለት ሆነ። ከዚያ አራት ቀረ፤ አራተኛዋም በቅሎ ናት። ማንም ስለ አሸተን አፉን ሲከፍት ሀብተ ሥላሴ "እናንተ አልነበራችሁም" ይላል። "በቅሎዋ ነበረች።" ይማርሽም በቅሎዋ የምትቀነስበትን ዓመት ትጠብቅ ጀመር።

በዚያ ዝናብ የፈንታው ከንፈር በብርድ ደርቆ ትራምፔቱ መሐል ላይ ጅራቱን እንደተረገጠ ድመት ጮኸ። ሌላ ሰው ቢሆን ስሕተት ብሎ ያልፋት ነበር። ሀብተ ሥላሴ ግን በወጣትነቱ ትርጓሜ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጧልና ያቺን ጩኸት እንደ ትርጓሜ ቤት ወግ ተረጎማት፦ አንድም የላስታ ብርድ ነው፤ አንድም ጃማይካዎቹ ከአገራቸው ሲለዩ ያለቀሱት ልቅሶ ነው፤ አንድም ሰሚው እንዳይተኛ ነው። በኋላ ፈንታው ተለማምዶ ድምፁን ሲያስተካክል ሀብተ ሥላሴ ቤቱ ድረስ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ።

"ያቺን የኩልመስኳን የት አደረግካት?"

"የቷን፣ አያ ሀብቴ?"

"የምትሰነጠቀዋን።"

"እሷማ ስሕተት ነበረች እኮ።"

"እሱ ለአንተ ነው" አለና ተመለሰ።

ከተማው ይህን አይቶ "ሊቀ አድማጮች" የሚል ማዕረግ ሰጠው። ለማሾፍ ነበር፤ እሱ ግን ማዕረግ የሚጠላ ሰው አይደለምና ተቀበለው። ሊቀ አድማጮች ሀብተ ሥላሴ የቡድኑን ዘመን በሁለት ከፈለው፦ ከበሮ ከመገዛቱ በፊት፣ ጀሪካን ይመታ የነበረበት ብሉይ ነው፤ ከበሮው ከተገዛ ወዲህ ሐዲስ ነው። በዚህኛው ግን ሐዲሱ ከብሉዩ ያንሳል። ፍላቂት ድረስ ሁለት ቀን በእግሩ ሄዶ ሰማቸው፤ ሁለት ቀን ሙሉ እየተማረረ ተመለሰ። እዚያው ፍላቂት አንድ የገብስ ነጋዴ "እነዚህ ልጆች ጥሩንባውን ምነው አበዙት" ቢለው ግን ጃኬቱን አውልቆ ሊደባደብ ተነሣ። አሸተንን ማማት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሱሪውም አለ። ፈንታው ከሻሸመኔ ባመጣው ፎቶግራፍ ላይ ጃማይካዎቹ ጠባብ፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ያለ ሱሪ ለብሰዋል። ሀብተ ሥላሴ ያንኑ በካኪ ለሰባቱም የቡድኑ አባላት ሰፋላቸው። ሙጃ ሲሄዱ አንዲት ሴትዮ አይታ "ምነው፣ ጨርቁ አነሳቸው እንዴ" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ወዲያ የሀብተ ሥላሴ እጅ ለማንም ሱሪ ያጥርበት ጀመር፤ የላሊበላ አስተማሪ ሁሉ ቁርጭምጭሚቱን ብርድ ሲመታው ከረመ።

ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ከበሮ፣ መቀሱ ጊታር ነበር። በግራ እጁ ጠረጴዛውን ይደልቃል፣ በቀኙ መቀሱን በምቱ ክፍተት ቸክ ያደርጋል። ይማርሽ ጥጧን እየፈተለች ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት መልስ ሰጠችው፦ "ተወኝ በሞቴ፣ እኔ ሙዚቃ አላውቅም።"

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሁለት፣ የአብዮት በዓል ሰልፍ ላይ አሸተን እንዲጫወት ታዘዘ። ፈንታው የሰልፉን መዝሙር በሚያውቀው በስካ ነፋው። የገበሬ ማኅበሩ ሰልፈኛ ግራ እግሩን ሲያነሣ ጊታሩ አየር ላይ ያዘው፤ ቀኙን ሲያነሣ ደግሞ ያዘው። እግሩን ማሳረፊያ ያጣው ሕዝብ በክብር እንግዶች ፊት እየነጠረ አለፈ። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃቸው ትከሻቸው ላይ እየዘለለ ነጠሩ፤ የሴቶች ማኅበርም መፈክሩን እንደያዘ ነጠረ። ከአውራጃ የመጡት እንግዳ "ይህ የየት አካባቢ ጭፈራ ነው?" ብለው ጠየቁ። ሀብተ ሥላሴ ከዳር ቆሞ በደስታ አለቀሰ።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አረጋ ሁለት ውሳኔ አወጡ። አንደኛ፣ ጊታሩ ከእንግዲህ ከከበሮው ጋር እኩል ይምታ፤ ሰርጎ ገብ ምት አይፈቀድም። ሁለተኛ፣ ኪነቱ በየእሑዱ ከስብሰባ በኋላ በአዳራሹ ይጫወታል፤ ነዋሪው ሁሉ ይገኛል፤ ስም ይጠራል፤ ከቀረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም።

ሀብተ ሥላሴ ወደ ፈንታው ሮጠ። ፈንታውና ሸዕባን የአዳራሹ በር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

"እሺ አልክ አሉኝ" አለው።

"አያ ሀብቴ፣ ትራምፔቱ የቀበሌው ነው" አለ ፈንታው። "የእኔ ከንፈሩ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ከንፈርህን ይዘህ አትወጣም?"

"ወጥቼ ምን ልንፋበት?"

ሸዕባን አዘነለት። "አብሽሩ አያ ሀብቴ። ወላሂ እኔ በሆዴ አሁንም መሐሉ ላይ ነው የምመታው።"

"በሆድ ያለ ምት ለማን ይሰማል" አለና ሄደ። በመጀመሪያው እሑድ ሁለት መቶ ሰው ስሙ ተጠርቶ፣ በር ተዘግቶበት፣ ሲታዘዝ እኩል ሲያጨበጭብ አየ። ከዚያ ወዲያ ወደ አዳራሹ እግሩን አላነሣም።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሀብተ ሥላሴ ከመቀሱ ጨርቅ መቁረጥን ብቻ ፈለገ። ሱሪዎቹ ሁሉ ልክ እስከ ጫማ ደረሱ፤ ደንበኞቹም መረቁት። ስድስት ዓመት ዝም እንዲል የለመነችው ይማርሽ አሁን ዝም ሲል ደነገጠች። አንድ ሰኞ ሆነ ብላ ነካካችው።

"አሸተን እንደ ትናንቱ ተጫውቶም አያውቅ አሉ።"

"ይሁን" አለ ሀብተ ሥላሴ።

ይማርሽ እንዝርቷን አስቀመጠች። ይህ ሰው ስለ አሸተን "ይሁን" ብሎ አያውቅም። ሰው ታሞ እህል እምቢ ሲል እንደሚፈራው ፈራች።

በታኅሣሥ ጓድ አረጋ መዝገብ አገላብጠው ሀብተ ሥላሴ አሥራ ሁለት እሑድ መቅረቱን አገኙ። በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ ያድርግ ተባለ። ጥፋቱን ካላመነ፣ ትርኢቱን ባለመከታተሉ ምክንያት ትርኢቱን ለዘለቄታው እንዳይከታተል ይታገዳል። ከተማው ሁሉ በዚህ ሳቀ። ይማርሽ ግን አልሳቀችም፤ ባሏ አኩርፎ ቢቀመጥም አንድ ቀን ይመለሳል የሚል ተስፋ ነበራት፤ በሩ ከተዘጋ ግን ይህ ዝምታ ቤቷ ውስጥ እንደሚያረጅ ታውቃለች።

"አጥፍቻለሁ በልና ተቀመጥ" አለችው። "ሌላ ቃል አትጨምር።"

"እሺ" አለ። እሺ ማለቱም አስፈራት።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። የኪነቱ ሰዎች መድረኩ ላይ መሣሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሀብተ ሥላሴ ተነሣ።

"ጓዶች፣ አጥፍቻለሁ" አለ።

ይማርሽ ከሴቶቹ መሐል እፎይ አለች።

"ጥፋቴ የጀመረው በስልሳ ስምንት ኩልመስክ ላይ ነው።"

ይማርሽ እፎይታዋን መልሳ ዋጠች።

"ትራምፔቱ ሲሰነጠቅ ሰምቼ፣ ያቺ ድምፅ እንዳትጠፋ አልታገልኩም። ይህ ድክመቴ ነው። ፍላቂት ላይ ከበሮው ሲቸኩል ለፈንታው ብቻ ነገርኩት፤ ለሰፊው ሕዝብ አላጋለጥኩም። ይህም ድክመቴ ነው። ሙጃ ላይ የሸዕባን ክር ላልቶ ነበር..."

እንዲህ እያለ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ጓድ አረጋ ሁለት ጊዜ ሊያስቆሙት አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ምን ብለው? ሰውዬው በየመስመሩ ራሱን እየወቀሰ ነው። በቀበሌው ታሪክ እንዲህ የተሟላ ግለ ሂስ ቀርቦ አያውቅም። ጸሐፊው ወረቀት አለቀበትና ከጀርባው ይጽፍ ጀመር።

"ትልቁ ጥፋቴ" አለ ሀብተ ሥላሴ፣ ድምፁ ወረደ፣ "ብቻዬን ልሰማቸው መፈለጌ ነው። ሰው ሲመጣባቸው ቀናሁ። መስከረም ሁለት አገሩ ሁሉ ሲነጥር አይቼ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ያንንም ለማንም ሳልነግር ደበቅሁ። አሁን ሁላችሁም በስም ጥሪ ትሰማላችሁ፤ እኔ ግን የምሰማው የለኝም። ምቱን ወስዳችሁታል።"

ፈንታው አንገቱን ደፋ።

"ምት ምት ነው" አሉ ጓድ አረጋ። "ልዩነቱ ምንድን ነው? ለሕዝቡ አሳይ።"

ሀብተ ሥላሴ ወንበሩን ወደ ፊቱ አዞረ። በግራ እጁ መታ። ቀኙን በክፍተቱ ሊያስገባ ሲል ሁለቱ እጆቹ አብረው ወረዱ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ አብረው ወረዱ። ሦስት ወር ሙሉ አልነካውም ነበርና ጠፋበት። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ጓድ አረጋም ብዕራቸውን አነሡ።

በዚህ ጊዜ ከሴቶቹ በኩል ጭብጨባ ተሰማ። ሀብተ ሥላሴ በግራ እጁ ወንበሩን ሲመታ ጭብጨባው በክፍተቱ ገባ፤ እንደገና ሲመታ እንደገና ገባ፣ ውልፍት አላለም። ሰው ሁሉ ዞረ። ሙዚቃ የማታውቀው ይማርሽ ነበረች። ከኀፍረቷ ብዛት ዓይኗን ጨፍናለች፤ እጇ ግን ስድስት ዓመት መቀስ የሰማ እጅ ነው።

ሸዕባን አልቻለም። "ያ አላህ" አለና ጊታሩን ከእጇ ጋር አስገባ። ከበሮው የወንበሩን ምት ተረከበ። ፈንታው ጓድ አረጋን አየ፣ ይማርሽን አየ፣ ከዚያ ከንፈሩን ልሶ ትራምፔቱን አነሣ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ከወንበሩ ተነሣ። በመስከረም ሳያውቀው የነጠረ ሕዝብ ዛሬ አውቆ ነጠረ። በሩን እንዲጠብቅ የቆመው ጓድ በሩን ትቶ መጣ፤ አንድም ሰው ግን አልወጣም። ጓድ አረጋም ይህን ልብ አሉ፤ እግራቸውን በሌላው እግራቸው ረግጠው ይዘው ነበር።

"ለሰልፍ አይሆንም" አሉ በመጨረሻ። "ለአዳራሽ ግን... ይጠና።"

ጸሐፊው እየነጠረ ስለነበር የጻፈውን ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ሊያነበው አልቻለም፤ ስለዚህም ውሳኔውን የሚሽር አልተገኘም።

ሊቀ አድማጮች ሀብተ ሥላሴ እንግዲህ የሚፈልገውን ሁሉ አገኘ። አሸተንን በሚወዱ ሁለት መቶ ሰዎች መሐል፣ የሚወደው ምት ተመልሶለት ቆመ። ዙሪያውን አየ። አንዱ ትከሻውን ነካ አድርጎ "ግሩም እኮ ነው አያ ሀብቴ፣ እስከዛሬ እንዴት አልነገርከንም?" አለው። የሀብተ ሥላሴ ፊት ቀስ በቀስ ጠቆረ። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ይማርሽ ነጠላዋን እየሰበሰበች ተከትላ ደረሰችበት።

"ምነው፣ ምን ሆንክ?"

"ሰው በዛበት" አለ። ጥቂት ሄደና ቀጠለ። "የቀኙ ረድፍ ይዘገያል። ከበሮው ቸኩሏል። ሸዕባን ደግሞ ማን አዞት ነው ያቺን ጣት የጨመራት?"

"እውነትህን ነው።"

"አንቺም ብትሆኚ።"

"እኔ ምን አደረግሁ?"

"ፈንታው ሲገባ ቀድመሽዋል። ትንሽ ነው፣ ግን ቀድመሻል።"

ይማርሽ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ይህ ነጭናጫ ድምፅ ነበር ሦስት ወር የናፈቃት። አሸተን ከተጫወተው ዘፈን ሁሉ አብልጣ ትወደዋለች፤ ይህን ብትነግረው ግን ስለ ድምፁም ትርጓሜ ይጀምራልና ዝም አለች። ቤታቸው ከአዳራሹ ቅርብ ነው፤ በታችኛው መንገድ ጥቂት ርምጃ ቢሄዱ ይደርሳሉ።

"በላይ በኩል እንዙር" አለችው።

"ለምን? ይርቃል።"

"ታች ጭቃ ነው።"

ክረምቱ ከወጣ ሦስተኛ ወሩ ነበር። ሀብተ ሥላሴ ግን ስለ ከበሮው እያወራ ስለነበር ልብ አላለም፤ ተከተላት።