ለጋሽ ታደሰ «አይደለም» ማለት አቃተኝ

ወገን፣ ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ለአንድ ሰው ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ!

ካዛንቺስ ቢሮአችን ውስጥ የእንቆቅልሽ ንጉሥ እኔ ነኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ግራ የሚያጋባ ታሪክ እነግራቸዋለሁ፣ እነሱ ይጠይቃሉ፣ እኔ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ እመልሳለሁ። በጥያቄ ብዛት ምስጢሩን ያወጡታል። ፊቴ ላይ ምንም አይነበብም፤ ፕሮፌሽናል ነኝ በቃ!

ዛሬ ታዲያ የፌቨን ቤተሰቦች ጎተራ ኮንዶሚኒየም ምሳ ጠሩኝ። ፌቨን ማለት ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሰው ሲያዩ ፈተና የሚያርሙ ይመስላሉ። እሳቸው ካልወደዱኝ ነገሩ አበቃ።

ከምሳ በኋላ ቤቱ ዝም ዝም ሲል ጌሙን አመጣሁት።

«አንድ ሰው ቄራ አካባቢ ሥጋ ቤት ገባ። አልበላም፣ አልጠጣም። ሲወጣ ቤቱ በሙሉ አጨበጨበለት። ለምን?»

ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ሰውየው ኤሌክትሪሻን ነው። ሰዉ ኳስ እያየ መብራት ጠፋ፣ ጠገነላቸው።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሰውየው ጾመኛ ነው?»

አይደለም!

ማለቴ፣ በልቤ። እስቲ እናንተ የወደፊት አማታችሁን ፊት ለፊት «አይደለም» በሉ! እናቴ ያሳደገችኝ ትልቅ ሰው ሲናገር «ልክ ነዎት» እያልኩ ነው። አፌ ራሱ «አዎ» አለ።

«ቄስ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታሟል እንዴ?»

«በጣም!»

«በጣም» የሚል መልስ እኮ ጌሙ ውስጥ የለም።

ይባስ ብሎ የፌቨን ታናሽ እህት ቤቲ «መብራት ጠፍቶ ነበር?» አለች። ልጅቷ አገኘችው! ግን እሷ ልክ ከሆነች አባቷ ሊሳሳቱ ነው።

«አይደለም» አልኳት።

ግማሽ ሰዓት ለፋን። ሥጋ ቤቱ ውስጥ አንድ ጾመኛ፣ የታመመ ቄስ ይጨበጨብለታል፣ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ «በል ንገረን» አሉ። ነገርኳቸው።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቄሱ ነው መብራት የጠገነው?»

ቤቲ «እኔ ብዬ ነበር እኮ!» ብላ ጮኸች። ፌቨን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ ታደሰ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ረጋ ብለው «ስማ ልጄ፣ ነገ ስለ ፌቨን አንድ ቁም ነገር ብጠይቅህም፣ ደስ እንዲለኝ ብለህ ልትዋሸኝ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ!»

ልማድ ነው! በፈጣሪ፣ ልማድ ነው!

ቤቲ ከሶፋው ላይ ወደቀች። ጋሽ ታደሰ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በር ድረስ ሸኝተውኝ ትከሻዬን መታ አድርገው «ሽማግሌ ስትልክ እንግዲህ፣ አይደለም ማለት የሚችሉ ሰዎች ፈልግ» አሉኝ።

አነበባችሁ? ሽማግሌ ላክ ተብያለሁ! እኔ አሸንፌያለሁ ብዬ ነው የወሰድኩት።

አንድ ችግር ብቻ አለ። አጎቶቼ ሦስቱም ከኔ ይብሳሉ፤ «ልጁ ሰካራም ነው አሉ» ቢባሉ እንኳን «ልክ ነዎት» ብለው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው!

እስቲ በናታችሁ፣ ለትልቅ ሰው ፊት ለፊት «አይደለም» የሚል ሽማግሌ የሚያውቅ ኢንቦክስ ያድርግልኝ!