ገመዱ በማን ወገብ ይታሰር?

ገና ሲቃረብ ሰው በግ ያስባል፤ እኔ ገመድ አስባለሁ። አትሳቁ! እዚህ ላሊበላ፣ ቤተ ማርያም ግቢ፣ ከአለት የተፈለፈለ ጥልቅ ጠበል አለ። ልጅ ያጣች ሴት ለገና ወገቧን በገመድ ታስራ ትወርድና ትነከራለች። ጠበሉን አልነካም፤ አምነዋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ገመዱ ነው። እስቲ አንድ ወንድ ታስሮ ሲወርድ ያያችሁ አላችሁ? ልጅ የምትወልደው ሴት ብቻዋን ናት እንዴ?

ታናሽ እህቴ ዝናሽ በየዓመቱ ትወርድ ነበር። የሚያስወርዷት አማቷ እትዬ ብርዛፍ ናቸው፤ ገመዱንም ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ዝናሽ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ስትወጣ፣ «ራሷን መች ደፈቀች? ትድገም!» ይላሉ። በኋላማ ሽማግሌ ላኩብን፤ ልጃቸው ፈቷት ሌላ ያግባ ነው ነገሩ። እኔ ግን «ልጃቸውስ ተመርምሯል?» ብል ሽማግሌዎቹ እንደ ባለጌ አዩኝ።

ልጃቸው ሙላት አስጎብኚ ነው። ለፈረንጅ ሲያስረዳ ውሎ ምላሱ አይደክምም። ዝናሽን ይወዳታል፤ አልፈታም ብሎ ሽማግሌዎቹን መልሷል። ምርመራ ሲባል ግን ዲዳ ይሆናል። ሲጨንቀው «እኔ ምን ሆኜ?» ይላል። ምን ሆኜ! እሷስ ምን ሆና ነው ገመድ ላይ የምትንጠለጠለው?

ዝናሽ አንድ ቀን መረራት። ካልሄድክ ብቻዬን እሄዳለሁ አለችውና ተያይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። ሐኪሟ ሁለቱንም መረመረች። ዝናሽ ደህና ናት። የሙላት ዘር ግን በጣም ጥቂት፣ ያውም ደካማ ሆኖ ተገኘ። አይቪኤፍ የሚባል ሕክምና አለ አለቻቸው። ከሴቷ እንቁላል፣ ከወንዱ ዘር ተወስዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ፅንስ ሲጀምር ተመልሶ ማህፀኗ ውስጥ ይቀመጣል። ሊይዝም ላይዝም ይችላል፣ አልዋሻችሁም አለች።

በቃ፣ ይኸው ነው። አገሬው ግን «የጠርሙስ ልጅ» ይላል። ጠርሙስ ዘጠኝ ወር ያረግዛል? ጠርሙስ ያምጣል? ኧረ ተዉኝ!

ፅንሱ ተቀምጦላት በተመለሱ ሰሞን ገና ሆነ። መያዝ አለመያዙ አልታወቀም፤ ሐኪሟም እንዳትንገላታ አስጠንቅቃታለች። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። በዓሉን ልናይ ጠበሉ ዳር እንደቆምን እትዬ ብርዛፍ ገመዳቸውን ይዘው ከች! ዝናሽ ክው አለች። ልጮህ አፌን ስከፍት ሙላት ቀደመኝ። ገመዱን ከእናቱ እጅ ተቀብሎ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የራሱን ወገብ አሰረ።

«ዘንድሮ እኔን አውርዱኝ» አለ።

ገመድ ያዦቹ ሳቁበት። «ይሄ እኮ ለመካን ነው፣ ሙሌ!»

«እኮ! መካኑ እኔ ነኝ። እሷ ምንም የላትም፤ ሐኪሟ ነግራኛለች።»

ዝናሽ በነጠላዋ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። እኔም ስንት ዓመት የረገምኩትን ሰውዬ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

እትዬ ብርዛፍ ግን ተንደርድረው ገመዱን ጨመደዱት። ዝናሽን በየገናው ሲያስነክሩ የኖሩት ሴትዮ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ወይኔ ልጄን! በዚህ ብርድ? ውሃው እኮ በረዶ ነው!»