አባ ሜትር የሰማይን መንገድ በሜትር የለኩበት ዜና

ንጽሕፍ እንከ ዜናሁ ለአባ ሜትር፤ የእግር ስፌት መኪና ወርዳ የኤሌክትሪኳ በነገሠች በሦስተኛው ዓመት፣ ሴት ልጃቸው ለትምህርት ባሕር በተሻገረች በሰባተኛው ዓመት፣ ስዩመ መርፌ፣ መስፍነ ክር፣ የሱሪ አሳጣሪዎች ሁሉ አለቃ የሆኑት ልብስ ሰፊው አባ ሜትር፣ ልጃቸው የምትመለስበትን የሰማይ መንገድ በገዛ ሜትራቸው ሊለኩ ተነሡ።

ልጅቱ በሄደች ዕለት የአንድ ሙሽራ ሱሪ ሲያሳጥሩ ዘግይተው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ያዩት የአውሮፕላኑን ጭራ ብቻ ነበር፤ ይህም ሰባት ዓመት ሙሉ ሲቆጫቸው ኖረ። ስለዚህ በሱቃቸው ደጃፍ ቆመው አወጁ፦ «ስትሄድ አልሸኘኋትም። ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው ፊት የእኔ ካልሆነ ግን ዳግመኛ መቀስ አልይዝም!»

ባለቤታቸውም ከወጥ ቤት መስኮት አዋጅ አወጡ፦ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ እኮ በረራው አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል ብላ ጽፋለች፤ ምን ያስለካሃል?» ጀግናውም ለአዋጁ አዋጅ መለሱ፦ «ሌላ ሰው በለካው ቆርጬ አላውቅም!»

ወእምዝ ወደ ጎረቤታቸው መምህር ሳሎን ዘመቱ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ እጀታው በክር የታሰረ መነጽር፣ አንድ ጠመኔ፣ በከንፈር የተያዘ ስድስት ስፒል፣ እንዲሁም ይህን የምጽፈው እኔ፣ የሚስታቸው ታናሽ ወንድም፣ ሥራ ስላልነበረኝ። መምህሩ የተማሪዎቻቸውን ሉል አቀረቡ፤ በሉሉም ላይ አንዱ ሳንቲሜትር አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነበር። አባ ሜትርም ሉሉን እንደ ወፍራም ደንበኛ ወገብ አቅፈው፣ ትንፋሹን እንዲውጥ አዘው፣ ከከተማ እስከ ከተማ ለክተው ሃያ ስድስት ሳንቲሜትር አሉ። አውሮፕላን በሰዓት ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ይበራልና፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ብለው በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ ጻፉ።

ልጅቱ ተሳፈርሁ ብላ በደወለች ጊዜ እናት አሥራ አንድ ሰዓት ቆጥረው ቀድመው ሄዱ፤ አባ ሜትር ግን በልካቸው ተማምነው፣ የሰፉላትን ካፖርት ረጋ ብለው ሲተኩሱ ቆዩ። ኋላ ሦስታችን በታክሲ ስንሄድ መምህሩ ደጋግመው አስልተው፣ ርቀቱ ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር እንጂ ሃያ ስድስት እንደማይሆን ተናገሩ። አባ ሜትርም ደረታቸውን ነፍተው አወጁ፦ «በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር ለስፌት ትቻለሁ!»

መምህሩም ቀስ ብለው አወጁ፦ «ጋሼ፣ መሬት እኮ ጨርቅ አይደለችም።»

ያን ጊዜ ጀግናው ካፖርቱን አቅፈው አንገታቸውን ደፉ። ሁለት ሰዓት ዘግይተዋል። ማላገጥ ሥራዬ የሆነው እኔ እንኳ ሹፌሩን ፍጠን አልሁት።

ስንደርስ እህቴ፣ የልጅቱ እናት፣ ጫማዋን አውልቃ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። አውሮፕላኑ ለካ ከመነሣቱ በፊት ጎማ ሲቀየርለት ሁለት ሰዓት ቆሞ ኖሯል፤ በሩ ገና መከፈቱ ነው። ልጅቱ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች፤ መጀመሪያ ያየችውም የአባቷን ፊት ነው። አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ።

ካፖርቱ ግን ከሰባት ዓመት በፊት በነበራት ልክ ተሰፍቶ ትከሻዋን ያዛት። አባ ሜትር ገልብጠው የውስጡን ስፌት ዳሰሱና፣ ማረፊያው ሁሉ እስኪሰማ አወጁ፦ «ትርፍ አለው፤ ይለቀቃል!»

ክብር ይገባቸዋል ለአባ ሜትር፣ ምድርን በአራት ሳንቲሜትር ስተው ልጃቸውን በደቂቃ ላልሳቱት፤ መርፌያቸው አይዝግ፣ ክራቸው አይቋጠር። ይህም ዜና የተጻፈው እህቴ ነቅታ «ዕድል ነው» ሳትል በፊት ነው።