ሰባተኛው አያት ከበር ውጭ

ትናንት ቀበሌ መታወቂያ ላሳድስ ወረፋ ይዤ፣ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ሸለብ ቢያደርገኝ፣ በሕልሜ የጥንት ዌልሳዊ ሆኜ አረፍኩት። ጥፋቱ ወረፋ ስጠብቅ የቆረጠምኩት ቆሎ መጠቅለያ ነው። ከታሪክ መጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ ነበር፤ ዌልሶች ድሮ ስማቸውን እንደኛው ከነአባት ከነአያት ይጠሩ እንደነበር፣ «ዌልስ» ያሏቸውም ከባሕር ማዶ የመጡባቸው ሰዎች እንደሆኑ፣ ትርጉሙም «ባዕድ» እንደሆነ ይናገራል። ቆሎውን ጨረስኩና አሸለብኩ።

ስሜ ግሩፊድ ነበር። ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል። ከገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ አንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከጀልባ የወረደው ያን ጠዋት ነው፤ ጫማው ገና ውሃ ያንጠባጥባል።

«አንተ ባዕድ፣ ወዴት ነው?» አለኝ።

«ወደ ቤቴ ነዋ! የመጣኸውስ አንተ!»

«እኔ ከመጣሁ ጀምሮ እዚህ አይቼህ አላውቅም።»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። ከጎኑ የተቀመጠ መነጽር ያደረገ በግ ሕጉን አነበበልኝ፦ አያቶቼን እስከ ሰባት ቤት ከቆጠርኩ ቤቱ የኔ፤ ካቃተኝ ጀልባው ላይ ተጭኜ «ወደ መጣሁበት» እመለሳለሁ።

«ግሩፊድ፣ የማዶግ ልጅ» ብዬ ጀመርኩ። አባቴ ማዶግ ከመቃብሩ ተነስቶ መጣና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። «የኢዮርወርዝ ልጅ፣ የካድዎጋን ልጅ...» የጠራሁት ሁሉ እየመጣ ተደረደረ። አንዱ «የሚቀመስ ነገር የለም?» ይላል፤ ሌላው «የኔ ዘር ይሄ ነው? ምነው አጠረ!» ይላል።

ስድስቱን ጠርቼ የሰባተኛው ስም ጠፋብኝ። ሰባተኛው በር ላይ ቆሟል፤ ዝናቡ ከእግሩ ወደ ጢሙ ይወጣል።

«ጥራኝ እንጂ፣ አንተ ልጅ! ብርዱ ሊገድለኝ ነው እኮ!»

«ከሞቱ ስንት ዘመንዎ! ስምዎን ይንገሩኝና ልጥራዎት።»

«እኔ ከነገርኩህማ አይቆጠርም።»

በጉ ራሱን ነቀነቀ።

«አባትህ አላስተማረህም?» አለኝ ሰባተኛው።

አባቴ ማዶግ ሰማይ ሰማዩን አየ። ጀልባው ደጃፌ ድረስ መጣ። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ አፌን ስከፍት አጠገቤ ያለው ሰው በክርኑ ጎሸመኝ።

«አባባ፣ ተራዎ ደርሷል!»

ወደ መስኮቱ ቀረብኩ። ጸሐፊዋ ወደ ሰፈራችን የተዛወረችው ባለፈው ሳምንት ነው። መዝገቡን ገለባበጠችና «ፋይልዎ የለም። አዲስ ገቢ ነዎት?» አለችኝ።

«የተወለድኩት እዚሁ ነው፣ ልጄ።»

«እዚሁ የት?»

«አንቺ የተቀመጥሽበት ክፍል። ቤታችን ሳይወረስ በፊት፣ የእናቴ አልጋ ካቢኔትሽ የቆመበት ቦታ ነበር።»

ዞር ብላ ካቢኔቱን አየች። አዘነችልኝ መሰል፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እንግዲያው ነዋሪ መሆንዎን የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች ያምጡ።»

«ስድስቱ አሁን እዚህ አግዳሚ ላይ ነበሩ» አልኳት። «ያልገባው ሰባተኛው ብቻ ነው።»

«መታወቂያቸውን ይዘው ይግቡ።»