የሚሻ ስም በአያ ዳኘው ደጅ

እኛ በስም አንቀልድም። ልጅ ሲወለድ ደስታችንንም፣ ብሶታችንንም፣ ለነገረኛ ጎረቤት ያዘጋጀነውንም መልስ በአንድ ስም ጠቅልለን እናሸክመዋለን። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የምንለውም፣ ኋላ ጥያቄ ሲመጣ መልአኩ ይጠየቅ ብለን ይመስለኛል። አንዳንዴ ግን መልአኩ አይገኝም፤ ሽማግሌው ይጠየቃል። እኔ ተጠይቄያለሁ።

እንጅባራ ውስጥ የቀርከሃ ወንበር የሚሠራ ሚሻ ሞላ የሚባል ወጣት አለ። እንኳን ሩሲያን ሊያይ፣ ከጫግኒ ወዲያ የተሻገረም አይመስለኝም። አባቱ ሞላ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በወጣትነቱ ሩሲያ ሄዶ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ የመጣ የልብ ጓደኛዬ ነበር። ባለፈው ጥር ሚሻ የዘንገና መንደር ልጅ ወደደና፣ «አባቴ ቢኖር እሱ ይሄድልኝ ነበር፤ ጋሼ፣ እርስዎ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ» አለኝ። እናንተ እምቢ ትሉ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ አልቻልኩም።

ከአጎቱና ከአንድ ጎረቤት ጋር ሦስት ሆነን ሄድን። ዝምድና እንዳይገኝ ሰባት ቤቱን እንደ ዳዊት በቃላችን ይዘናል። ከልጅቷ አባት ከአያ ዳኘው ደጅ ደርሰን፣ እንደ ወጉ፣ «ካልተፈቀደልን አንቀመጥም» ብለን ቆምን። አያ ዳኘው ትውልዱን ጠየቁ፤ አጎትየው አንድ ሳይስት ቆጠረ። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

«የልጁስ ስም?»

«ሚሻ።»

«ምን ማለት ነው?»

ሰባት ቤት ቆጥረን፣ የልጁን የራሱን ስም ፍች ረስተን መጥተናል።

«የክርስትና ስሙን ቄሱ ያውቁታል» አሉ አያ ዳኘው። «እኔ ከደጄ ቆሜ የምጠራው ይኸንን ነው። ፍቹን የማላውቀውን ስም ከልጄ ስም ጋር አላስጠራም። ጠይቃችሁ ተመለሱ።»

በሽምግልና «ተመለሱ» ብዙ ጊዜ የጨዋ እምቢታ ነው። የሚሻ ፊት ድቅን አለብኝ። ያን ጊዜ ሞላ ስለዚህ ስም ያወራኝ ታሪክ ትዝ አለኝ። ሃያ ጊዜ ነግሮኛል፤ ሃያ ጊዜ አዛግቻለሁ።

«አያ ዳኘው፣ ሚሻ ማለት ሚካኤል ነው» አልኩ። «ማን እንደ እግዚአብሔር ማለት መሆኑን ለእርስዎ አልነግርም። በሩሲያ ሙሉ ስም ለመዝገብ ነው፤ ቤት ሲገባ ይቆላመጣል። ሚካኤልን ሚኻይል ይሉታል፤ እናቱ ስትጠራው ሚሻ ይሆናል። ሞላ በመጀመሪያው ክረምት በብርድ ታሞ ሲወድቅ፣ አብሮት የሚያድር ሚኻይል የሚባል ተማሪ የራሱን ካፖርት አልብሶ እናቱ ቤት ወሰደው። እሷም ሁለቱን ከአንድ ገበታ እያበላች ሞላን አዳነችልን። ሞላ ለልጁ ስም የወሰደው ከመዝገቡ አይደለም፤ ከዚያች እናት አፍ ነው።»

ሩሲያዎች በተረታቸው ድብንም ሚሻ እያሉ እንደሚጠሩት አውቅ ነበር። ይህን ግን ዋጥ አደረግኩት። ሽማግሌ የሚያውቀውን ሁሉ ቢናገር ጋብቻ የሚባል ነገር አይኖርም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እየተናገርኩ እኔው ተደነቅኩ። የመላእክትን አለቃ ስም እናት ጉልበት ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ማሳጠር ቀላል ጥበብ አይደለም። ያን ስም ከዚያ ብርድ አገር በደረቱ ይዞ የመጣውን ሞላንም የዚያን ቀን ይበልጥ ወደድኩት።

አያ ዳኘው ፊታቸውን ወደ ቤት መለስ አድርገው፣ «እናንየ፣ ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ አምጭ» አሉ። መቀመጫ ከመጣ ነገሩ አልቋል። እናንየ ያሏትን ልጃቸውን አስተምሬያታለሁ፤ በእኔ የክፍል መዝገብ ስሟ እናትነሽ ነበር። እሳቸውም ለካ ያቆላምጣሉ ብዬ በልቤ ስቄ ተቀመጥኩ።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ብሄድ፣ አያ ዳኘው አማቻቸው በሠራላቸው የቀርከሃ ወንበር ተደላድለው ተቀምጠዋል። «ሚሽየ፣ መምህር መጥተዋል፤ ና ወዲህ» ብለው ተጣሩ። የተቆላመጠውን ስም እንደገና አቆላመጡት። ምን ማለት ነው ብዬ ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት።

ሞላ ቢኖር ኖሮ፣ ሃያ አንደኛውን ሳላዛጋ እሰማው ነበር።