ሶፋዬ ግቢ የወጣ ቀን

ሌላ ሰፈር ቤቱ የሰው ነው፤ ዕቃ የሚገባው ሰው እንዲመቸው ነው። እኛ መርካቶ ግን ቤቱ የዕቃ ነው፤ ሰው ጥግ ተፈልጎለት ነው የሚኖረው። ግድግዳው ጆንያ፣ ጠረጴዛው ካርቶን፣ አልጋ ሥር ያለውን ደግሞ እግዜር ይወቀው። እንግዳ ሲመጣ "ቁጭ በል" አይባልም፤ "ቆይ ላንሳልህ" ነው የሚባለው። ይነሳለታል፤ የተነሳውም ጭኑ ላይ ይቀመጥለታል።

የኔ ቤት ደግሞ ከሁሉም ባሰ። ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የስሜ ነው። "እትዬ ወሰኔ የሰው አደራ አይነኩም" የሚል ስም አንዴ ወጣልኝና አለቀልኝ። ሱቁ የሞላበት ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ ወደኔ ነው። "እትዬ፣ ለሁለት ቀን ብቻ" ይላል። መርካቶ ውስጥ ሁለት ቀን ስንት እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ። አንዳንዱ ሁለት ቀን ሳያልቅ መንግሥት ተለውጧል።

ጎረቤቴ ቅመም ነጋዴው ሐጂ ሸምሱ ዛላ በርበሬ በጆንያ አስቀምጠዋል። አንዱ ቤት እየሠራሁ ነው ብሎ ትልቅ የብረት በር ግድግዳዬ ላይ አስደግፎ ሄደ። ቤቱን እስካሁን መጨረሱ አይቀርም፤ በምን እንደሚዘጋው ግን እንጃ። አንድ ልብስ ሻጭ ደግሞ ቀሚስ የሚያለብሳትን የፕላስቲክ ሴትዮ አልጋዬ አጠገብ አቁሟት ሄዷል። ጭንቅላት የላትም። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔን ስገልጥ እሷን እያየሁ እደነግጥ ነበር፤ በኋላ ተላመድን። አሁንማ ጭንቅላት ካላቸው ከብዙዎቹ ትሻለኛለች፤ ቢያንስ መልስ አትሰጥም።

እንዲህ ተከባብረን ስንኖር ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የሐጂ ጆንያ አደናቀፈኝና እግሬ ወለም አለኝ። እግሩስ ታሽቶ ዳነ፤ ወሬው ግን ልጄ ጋ ደረሰ።

አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ደሳለኝ። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከከተማው ጫፍ፣ ታክሲ ተሳፍራችሁ እንቅልፍ ወስዷችሁ ነቅታችሁም ከማትደርሱበት ቦታ ነው የሚኖረው። መጣና እግሬን አየ፣ ቤቱን አየ፣ ጭንቅላት የሌላትን ሴትዮ አየ።

"እማዬ፣ በቃ" አለኝ። "ይሄ የሰው መኖሪያ አይደለም። እሁድ አይሱዙ ይዤ እመጣለሁ፤ አንቺንም አልጋሽንም ጭኜ ነው የምሄደው።"

"እዚያ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ ማንን አያለሁ?"

"አየሩ ንጹሕ ነው።"

"አየር ያወራል?"

አልጋዬን በስንዝር መለካት ያዘ። ደሳለኝ ሲጮህ አልፈራውም፤ መለካት ሲጀምር ነው የቆረጠው። እንግዲህ በኔ ዕድሜ አንዴ ከሰፈር የተነቀለ ሰው እንደማይመለስ እናንተም ታውቃላችሁ። እዚያ ገብቼ በመስኮት የማላውቀውን ሰው ራስ ከላይ እያየሁ ልኖር ነው። ያን ሰሞን እህል አልበላልሽ አለኝ። እኔን፣ ለእንግዳ የቀረበ እንኳ የማይተርፈኝን።

ያዳነችኝ የደሳለኝ ልጅ ናት። ረድኤት ትባላለች፤ ትምህርት ቤቷ ስለሚቀርባት እኔ ጋ ነው የምትኖረው። "እማማ፣ አትዘኚ" አለችኝ። "ቅዳሜ ቤቱን እናጸዳዋለን፤ እናሳምረዋለን። አባዬ እሁድ ሲመጣ አይቶ ራሱ ልደር ይላል።" ከስልኳ ላይ የተማረችው ዘዴ አላት። እያንዳንዱን ዕቃ በእጅ ይዞ ልብን መጠየቅ ነው አሉ፤ ደስ ካለሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ ካላለሽ አመስግነሽ ትሸኚዋለሽ።

ቅዳሜ በጠዋት ክዳን የሌለው ቴርሞስ እጄ ላይ አስቀመጠች።

"ደስ ይልሻል?"

"ክዳኑ ቢገኝ ደስ ይለኛል።"

"እንግዲያው አመስግኚውና ይሂድ።"

"ቴርሞስ ነው የማመሰግነው? ሻዬን ሲያቀዘቅዝ ለኖረው?"

ተወችኝ። ወደ ጆንያው ዞረች። "ይሄስ?" የሐጂ ነው አልኳት። "በሩስ?" የሰው ነው። "ይቺ ሴትዮስ?" እሷም የሰው ናት። ልጅቷ ወገቧን ይዛ ቆመች። "እማማ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ያንቺ የሆነው ምንድነው?" ብዙ አሰብኩ። "አንቺ" አልኳት። ለነገሩ እሷም የአባቷ ናት።

በመጨረሻ ታከታትና "አንቺ እያለሽ ሥራ አይሠራም። ሸማ ተራ ሂጂና ለቤቱ የሚሆን ጨርቅ ምረጪ፤ ማንንም ሳታማክሪ ራስሽ የወደድሽውን" ብላ አባረረችኝ። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ስልኬን ቻርጅ ላይ ረስቼዋለሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ግን ካዩት ሰዎች የበለጠ አውቀዋለሁ።

ረድኤት ሁለት ወጠምሾች ከበር ጠርታ ሶፋዬን ግቢ አስወጣች። ቡፌው ተከተለ። ፍራሹም ወጣ። ካርቶኑም በሩም ወጣ፤ ወለሉ ተጠረገ። አቧራ እንዳይገባባት ደግሞ ጥቁር ሻሽ ራሷ ላይ ጠምጥማለች። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ በኛ አገር ሶፋ ግቢ የሚወጣው ለምንድነው? ለቀስተኛ መቀመጫ እንዲያገኝ አይደለም? ልጅቷ ይሄን አላሰበችም። ስልኩ አልነገራትም።

መጨረሻ የቀረውን የሐጂን ጆንያ ወደ ግቢ ስትጎትት ደግሞ ተቀደደ። የበርበሬው ብናኝ ቡን አለባት። እያሳለች፣ ዓይኗ እንደ ቧንቧ እየፈሰሰ፣ ትንፋሽ ፍለጋ ወደ ግቢ ወጣች። በዚያው ቅጽበት ነው አስካለ ከቤቷ ብቅ ያለችው። አስካለ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ደም ብዛት አለባት፣ ድምፅ ደግሞ ከሁላችን በላይ አላት። ሶፋውን አየች። ጥቁር ሻሹን አየች። የልጅቷን እንባ አየች። "ረድኤት፣ አያትሽስ?" ብትላት ልጅቷ ሳሉ አላናግር ብሏት እጇን አወናጨፈች።

አስካለ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋታል? ለቀቀችው። ጩኸቷ ጭድ ተራ ሳይሰማ አልቀረም።

ደግሞ የባሰው ምኑ ነው መሰላችሁ፣ ረድኤት ጩኸቱን ስትሰማ፣ ሰዉም እየሮጠ ሲገባ፣ "እማማን መኪና ገጭቷት ከውጭ ወሬ መጥቶ ነው" ብላ አሰበችና እሷም እውነተኛውን ለቅሶ ጀመረች። እነሱ መሞቴን ከሷ ሰሙ፤ እሷ ከነሱ ሰማች። ሁሉም እርግጠኛ ሆነ። ስልኬ ላይ ደወሉ፤ ስልኬ ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ጮኸ፤ ያን ጊዜማ ለቅሶው ባሰ። ረድኤት አባቷ ጋ ደወለች። የእድሩ ጎረምሶች የድንኳኑን ብረት ተሸክመው ደረሱ። ንፍሮ ተጣደ። ሰፈራችን ውኃ ሲጠፋ እንዲህ ተቀናጅቶ ቢሆን የት በደረስን።

እኔ ምኑንም አላውቅ፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ጨርቄን በፌስታል አንጠልጥዬ፣ እሁድን እያሰብኩ ቀስ እያልኩ መጣሁ። ከበሩ ስደርስ ሰው፣ ድንኳን፣ ለቅሶ። "አስካለ! ያ ደም ብዛቷ ጨረሳት!" ብዬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ እያለቀስኩ ገባሁ። ግርግሩ ሌላ ነው፤ ማንም ልብ አላለኝም፤ እንዲያውም ቦታ ለቀቁልኝ። ወዲያው የአስካለን ድምፅ ከውስጥ ሰማሁ። ነፍሴ መለስ አለች። ታዲያ ማን ነው? ሙሾውን አዳመጥኩ። "ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ፣ ሐሜት የማታውቅ፣ ቁጥብ" ትላለች አስካለ። የግቢያችንን ሰው በልቤ ቃኘሁ። እንዲህ ያለ ሰው ግቢያችን ውስጥ የለም።

አጠገቤ ሐጂ ሸምሱ ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀምጠዋል።

"ማን ነው ሐጂ?" አልኳቸው፣ እንደተሸፈንኩ።

"እትዬ ወሰኔ" አሉኝ ከመሬት ቀና ሳይሉ።

"የትኛዋ ወሰኔ?"

"የኛዋ ናቸው እንጂ።"

"በምን ምክንያት?"

"እንጃ። እግራቸውን ያማቸው ነበር አሉ።"

"በእግር ይሞታል እንዴ?"

"ከመጣ በምኑም ይመጣል።"

"እኔ እኮ ጠዋት ደህና ነበርኩ፣ ሐጂ።"

ቀና አሉ። ነጠላዬን ገለጥ አደረግኩላቸው። የሚቆጥሩት ሙስበሃ ከእጃቸው ወደቀ፤ "ቢስሚላህ" አሉና ወንበራቸውን ይዘው ወደኋላ ሸሸት አሉ። ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። ግማሹ ወደኔ ሮጠ፣ ግማሹ ወደ በሩ ሮጠ። ድንኳን የሚተክሉት ጎረምሶች ብረቱን ለቀውት ድንኳኑ ቀስ ብሎ ሰዉ ላይ ተኛ። ረድኤት አቧራዋን፣ በርበሬዋን፣ እንባዋን ይዛ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እኔንም ማስነጠስ ያዘኝ። ማስነጠሴን ሲያዩ ነው በሕይወት መኖሬን ያመኑት። አስካለ መጥታ በነጠላዋ ጫፍ ትከሻዬን መታችኝ። "አንቺ ጉደኛ፣ ድምፄን ጨረስሽው እኮ" አለችኝና ቁጭ ብላ እንደገና አለቀሰች። ይሄኛው ለቅሶ ዜማ አልነበረውም። እጇን ይዤ አብሬያት ተቀመጥኩ።

ደሳለኝ ደረሰ። መሳለሚያ ላይ መንገድ ቢዘጋበት መኪናውን እዚያው ጥሎ በእግሩ ሮጦ ነው የመጣው። ሐጂ ሊያረጋጉት ቀድመው ወጡና "አይዞህ ልጄ" አሉት፤ በዚህች "አይዞህ" እዚያው ዋይ ብሎ ተቀመጠ፤ ሁለት ሰው ደግፎ አስገባው። እኔ ግቢ መሃል ሶፋዬ ላይ ተቀምጫለሁ።

"ደሱ፣ ቁርስ በልተሃል?" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ጭኔ ላይ ተደፋ። ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ያ አይሱዙ የሚያመጣው፣ በእንባው ቀሚሴን አራሰው። እኔም ራሱን ዳሰስኩት። እንደ ልጅነቱ ጸጉሩ ከርዳዳ ነው፣ አሁን ትንሽ ሳስቷል።

ንፍሮው በስሏል፤ በስሎ አይጣልም። ሰዉ እየሳቀ ሲቃመስ ሐጂ ዓይናቸው ግቢ የተከመረው ዕቃ ላይ አረፈ።

"ያ ጆንያ የኔ አይደለም እንዴ?"

"የርስዎ ነው ሐጂ። ለሁለት ቀን ብለው ያስቀመጡት።"

"ወየው። እኔ እኮ የሱቄ ልጆች ሰረቁኝ ብዬ ስጣላ ኖሬያለሁ።"

አነሱት። እሳቸውን ያየ አንዱ ካርቶኖቹን አወቃቸው። ሌላው የተጠቀለለ ምንጣፉን። የብረት በሩ ባለቤት ከለቀስተኞቹ መሃል ተገኘ፤ እያፈረ አራት ሰው ይዞ አሸከመው። ሊያለቅስ የመጣ ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ ወጣ። ረድኤት ሳምንት ብትለፋ የማትጨርሰውን እነሱ አፍታም ሳይፈጅባቸው ጨረሱላት፣ ያውም ሳያመሰግኑ።

የፕላስቲኳን ሴትዮ ብቻ የሚወስዳት ጠፋ።

ከዚያ ደሳለኝ ቤት ገባና ቆሞ ቀረ። "እማዬ፣ ይሄ ቤት መስኮት አለው እንዴ?" አለኝ። እዚህ ቤት ተወልዶ ያደገ ሰው ነው የሚጠይቀኝ። ከካርቶኖቹ ጀርባ ነበር፤ ረድኤት መስታወቱን ወልውላው ፀሐይ ወለሉ መሃል ድረስ ገብታለች። እኔም ረስቼው ነበር። አረንጓዴ ጥለት ያለውን ጨርቅ እዚያው በምስማር ሰቀልነው። ሶፋዬ ተመልሶ መስኮቱ ሥር ገባ። የባለቤቴ ፎቶ ከቡፌው ጀርባ ወጥቶ ከመስኮቱ ትይዩ ተሰቀለ፤ አቧራው ሲነሳለት ወጣት ሆነ። አስካለ ከደጇ ጤና አዳም ቆርጣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ተክላ አመጣችልኝ። ጭንቅላት ለሌላት ሴትዮ ጋቢዬን አለበስኳትና ጥግ ላይ ቆመች፤ ያማረባት እሷ ናት።

ደሳለኝ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ዘረጋ። ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ቤት እግር ዘርግቶ አያውቅም።

"ይሄ ሁሉ ሰው መቼ ደረሰ?" አለኝ።

"እንጃ፣ እኔ ሞቼ ነበር።"

አልሳቀም። "እኔ ጋ እኮ እማዬ፣ በር ለበር ያለው ሰውዬ ስሙን አላውቀውም" አለ።

ሰው ለናንተ ሲከራከርላችሁ አፍ መዝጋት ነው። የጤና አዳሙን ቅጠል እያስተካከልኩ ጠበቅኩ። ስልኩን አወጣ፣ አይሱዙውን ላከራየው ሰው ደወለ፣ "ተወው፣ ቀርቷል" አለውና ዘጋ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ረድኤት ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት፤ ሁለታችንም ምንም እንዳልሰማን ሆንን።

አሁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ገብታ ትቀሰቅሰኛለች። ከአልጋዬ እስከ በሩ ሳልደናቀፍ እሄዳለሁ፤ አንዳንዴ የምፈልገው ሳይኖር እንዲያው ደስ ብሎኝ እመላለሳለሁ። አደራ ይዞ የመጣ ነጋዴ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ያን ባዶ ወለል ሲያይ ዕቃውን ለማስቀመጥ ያፍራል። ደሳለኝ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል፤ እናቴን ልይ ይላል፣ እንቅልፉን ይተኛል።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የእውነቱ ቀን ሲመጣ ይሄ ሰፈር ቶሎ አያምንም። ድንኳኑም አስካለም "እስቲ መጀመሪያ በደንብ ይጣራ" ማለታቸው አይቀርም። ያጣሩ። እኔም አልቸኩልም።