ባለማህተሙ ውሃ

ጡረታ የወጣ ሰው ሁለት ነገር ያበዛል፤ ሳልና ወሬ። ሳሉን ሐኪም ያየዋል። ወሬውን ግን ማን ይስማው? ባለፈው ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ይከራከራሉ። አንዱ፣ ሕዝብ ያለ መንግሥት መኖር ይችላል ይላል። ሌላው፣ በሦስተኛው ቀን እርስ በርሱ ይበላላል ይላል። ዞር ብለው "ፋዘር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አሉኝ። እኔም "ወራጅ አለ" ብዬ ከመድረሻዬ በፊት ወረድኩ። የማውቀው ነገር ስለሚያሳፍረኝ ነዋ። ላንተ ግን ልንገርህ።

የተወለድኩት ጎጃም ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን እዚሁ አርባ ምንጭ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ፋይል ስከፍትና ስዘጋ ሸበትኩ። እንዲህ የኖረ ሰው፣ የደብዳቤ ቁጥር የሌለው ነገር ሁሉ ያልተፈጸመ ይመስለዋል። የልጄን ማግባት እንኳ ከልቤ ያመንኩት በሰርጉ ቀን ሳይሆን የጋብቻ ወረቀቷን ሳይ ነው። ባለቤቴ ይህን ስነግራት ትስቃለች። ለነገሩ አትስቅም፤ ትቆጣለች።

ጡረታ ስወጣ ኩልፎ ወንዝ ዳር አንዲት የሙዝ ማሳ ያዝኩ። ሙዝ ውሃ ይወዳል። ውሃው ደግሞ በተራ ነው፤ በቦዩ ላይ ያለን ሰዎች በየስምንት ቀኑ ይደርሰናል። ተራውን ማን አወጣው? የትስ ተጽፏል? ብዬ ብጠይቅ፣ የማሳ ጎረቤቴ ጋሽ ዋዳ "ሁላችንም እናውቀዋለን" አለኝ። እሱም እንደኔ ሽማግሌ ነው፤ ልዩነታችን እሱ ማስታወሻ ደብተር የለውም። "እናውቀዋለን" ለእኔ መልስ አልሆነም።

አንድ ጊዜ ለተዝካር አገሬ ሄጄ ተራዬ አለፈኝ። ስመለስ የሙዙ ቅጠል ደርቆ ተጠቅልሏል። ጋሽ ዋዳን "ተራ ለውጠኝ" ብለው ኖሮ በደቂቃ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ሴቻ ወዳለው መሥሪያ ቤት ወጣሁ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ድሮ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ወዳጄ ውሃ እንዲለቀቅልኝ "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል ደብዳቤ ጻፈልኝ። ክብ ማህተም አለው፣ ቲተር አለው፣ ምን የጎደለው ነገር አለ? ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቱን በኪሴ ይዤ ውሃውን ወደ ማሳዬ ጠለፍኩት።

ማክሰኞ የወይዘሮ አልማዝ ተራ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አዲስ የተከለችው የሙዝ ችግኝ በዚያ ሳምንት ደረቀ። መጥታ ስትጠይቀኝ ደብዳቤውን አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና "ጥሩ ወረቀት ነው" ብላ ሄደች።

ፖሊስ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። የሰደበኝም የለም። ብቻ በማግስቱ ጋሽ ዋዳን በጋሞኛ "ሳሮ" ብዬ ሰላም አልኩት፤ አልመለሰልኝም። ሙዝ የሚጭነው ባለጋሪም አልመለሰም። ምሳ ሰዓት ላይ ዛፍ ሥር የበቆሎ ኩርኩፋቸውን የሚበሉት ሰዎች፣ ትናንት "ና ብላ" ይሉኝ የነበሩት፣ እኔ ስደርስ ተነሡ። ያለ ዳኛ፣ ያለ ካቴና ታሰርኩልህ። ወህኒ ቤትስ ጠያቂ አለው። እንዲህ ሆኜ ሁለት ሳምንት ሞላኝ። ሰው ይህን ያህል እንደሚያስፈልገኝ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ሙዙ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በመጨረሻ ጋሽ ዋዳ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ምን ላድርግ? አልኩት። "ያንተ ጎሜ ነው" አለኝ። ጎሜ ማለት ካልተናገሩት መሬቱንም ከብቱንም የሚጎዳ ጥፋት ነው። "እኛ ይቅር አንልህም። አንተ ዱቡሻ ወጥተህ ተናገር፤ ከዚያ እናያለን።" ዱቡሻ የሰፈሩ ሰው ለምክርና ለዕርቅ የሚሰበሰብበት ሜዳ ነው።

ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ተቀምጠዋል። መረቁና ተናገር አሉኝ። እኔም የጻፍኩትን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ፦ "ጉዳዩ፦ ይቅርታን ይመለከታል።" ግልባጭም ነበረው። ሽማግሌዎቹ ሣራቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

"ጋሼ፣ ወረቀቱን ይተዉትና በአፍዎ ይንገሩኝ" አለች ወይዘሮ አልማዝ።

ነገርኳት። ውሃሽን የወሰድኩት፣ ሰው መጠየቅ ልመና ስለመሰለኝ ነው አልኳት። እሷም "እሺ፣ ሰምቻለሁ" አለች። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ተናገረ፤ የመጨረሻው ሰው ሳይስማማ አልተነሡም፤ ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘቀዘቀች።

ፍርዱ ሁለት ነበር። አንደኛው ከማሳዬ ችግኝ ነቅዬ ለወይዘሮ አልማዝ እንድተክልላት ነው። ይህስ ይሁን። ሁለተኛውን ጋሽ ዋዳ ተናገረው፦ "ይህ ሰውዬ ሥርዓት ይወዳል። እስከ ዓመት ድረስ የውሃውን ተራ እሱ ይጠብቅ።"

ደመወዝ? የለም። ቢሮ? ቦዩ ዳር። ማህተም? አካፋ ሰጡኝ። ያገሬ ሰው "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላል። እዚህ ምን ይበላል፣ ጭቃ?

ሰላምታዬ ተመለሰ፤ ከነአቤቱታው። ጎህ ሲቀድ ስልኬ ይጮኻል። ውሃው ቀነሰ፣ ቦዩ ተደረመሰ፣ ፍየል ገባ። ከሁሉ የምታማርረኝ ወይዘሮ አልማዝ ናት፤ የተከልኩላት ሙዝም ከቁመቴ አልፏል። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይለኛል። መንግሥት አያስፈልግም አላልኩም፤ ጡረታዬን የሚከፍለኝ ማን ሆነና! ግን ሰው ከሰው ጋር ብዙ ነገር ያለ ደብዳቤ መጨረስ እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁ።

ወገቤ ግን አልቻለም። ዓመቱ ሲሞላ ሹመቴን ላስረክብ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩ። ደንቡ ቀላል ነው አሉኝ፤ ቀጥሎ ውሃ የሚሰርቅ ሰው ይረከብሃል። ሌባ መቼ ይጠፋል ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ይኸው ሁለተኛው ዓመት ተጋመሰ፤ ከተራው ውጪ አንዲት ጣሳ ውሃ የቀዳ ሰው የለም። ሁሉም ሹመት ፈርቷል።